የስምንት መቶዋ ኖሪን

ሃርላን ፓርክ ውስጥ ኖሪን ሃሉስካን የማያውቅ ሰው ከተገኘ፣ ወይ ትናንት የገባ ነው፣ ወይ ልጆቹን የግል ትምህርት ቤት የሚልክ ነው። የመንግሥቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂምናዚየም መግቢያ ላይ፣ ከውኃ መጠጫው በላይ፣ ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። የሩጫው፣ የዝላዩና የውርወራው ሪከርድ በሙሉ ከነባለቤቱ ስም እዚያ ላይ ይገኛል። በየዓመቱ አንዱ ስም ይወርዳል፣ ሌላው ይወጣል። የሴቶች ስምንት መቶ ሜትር ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ የነካው የለም። ፊደሎቹ ከነጭነት ወደ ቢጫነት ዞረው አሁንም «ኤን. ሃሉስካ» ይላሉ።

ከተማዋ ከክሊቭላንድ ጋር በመንገድና በቤት የተያያዘች ናት፤ የት እንደምትጀምር የሚያውቀው ነዋሪው ብቻ ነው። የድሮው ሰው ልጆቹን ያሳደገው በመኪና ፋብሪካው ደመወዝ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ለከተማው የሚኮራበት ነገር ቢቀረው የትምህርት ቤቱ ሩጫ ነው። ሰዉ እርስ በርሱ ሲቀልድ፣ «የሃርላን ፓርክ ልጅ ዳዴ አያውቅም፣ ከእናቱ ሆድ እየሮጠ ነው የሚወጣው» ይላል።

ኖሪን ዛሬ ሃምሳን ያለፈች፣ ቀጭን፣ ቀኝ እግሯን ትንሽ የምትጎትት ሴት ናት። የምትሠራው እዚያው በሮጠችበት ትምህርት ቤት፣ የቀሪና የዘግይቶ መጪ ተማሪዎች ቢሮ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ስልክ ታነሳለች፤ «ልጄን አሞታል» የሚሉ እናቶችን ታዳምጣለች፤ የእናታቸውን ድምፅ አስመስለው የሚደውሉትንም ታዳምጣለችና «እሺ እመቤት፣ ከአንተ ጋር ግን ነገ እንገናኛለን» ብላ ትዘጋለች። ማታ እናቷ ትታላት ወደሞተችው ቤት ትገባለች። አንድ ጊዜ አግብታ ነበር፤ ባልየው ጥሩ ሰው ነበር፣ ግን ኦሪገን ሥራ አገኘና «እንሂድ» ሲላት እሺ ሳትል እምቢም ሳትል ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ብቻውን ሄደ። ልጅ አልወለዱም።

ሚያዝያ ላይ፣ በረዶው ቀልጦ ሣሩ ገና ውኃ እንደቋጠረ፣ የዓመቱ የመጀመሪያ የሜዳ ውድድር ይደረጋል። ከውድድሩ በፊት ግን «የነባሮች ዙር» አለ። በትምህርት ቤቱ ስም የሮጠ ሁሉ፣ ወጣቱም ሽማግሌውም፣ በተመረቀበት ዓመት ተቧድኖ መሙን አንድ ጊዜ ይዞራል። ድምፅ ማጉያው ዓመቱን ይጠራል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። በዚያን ቀን የኖሪን ዓመት ሲጠራ የወጣችው እሷ ብቻ ነበረች። አብረዋት ዱላ ከተቀባበሉት ውስጥ ማርሲ ፍሎሪዳ ገብታለች፣ ጁዲ በጡት ካንሰር ሞታለች፣ አራተኛዋ እንዲሁ መምጣት ትታለች። ከፊቷ ሸበቶ ወንዶች እየተጓተቱ ይሄዳሉ፤ ከኋላዋ የሚመጡት ሕፃናት በጋሪ ይዘው ይሳሳቃሉ። በመሃል፣ በባዶው ቦታ፣ እጇን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከትታ ብቻዋን ተራመደች።

አጥሩ ጋ አሰልጣኝ ጋሪ ዴምኮ ቆሟል። እሷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች እሱ አሥረኛ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሆዱ እንጂ ጠባዩ አላደገም።

«ኖሪን! የሪከርዱን ወንበር ማሞቁ ይብቃሽ! ዘንድሮ የሚቀመጥበት መጥቷል!» አላት እየሳቀ።

«ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ስትል ነው የኖርከው፣ ጋሪ።»

«የዘንድሮው የምር ነው። ዓይንሽን ክፈቺና እያት!»

ትኬት የሚቆርጠው ሽማግሌው ስታን ቭራቤል ከጎኑ ሆኖ ጮኸ፦ «አይዞሽ የኔ ልጅ! በልቤ ካንቺ ጋ ነኝ! በአፌ ግን ለልጅቷ ነው የምጮኸው!»

ሰዉ ሳቀ። ኖሪንም ሳቀች። የሚጠበቅባት እሱ ስለሆነ ሁልጊዜም ትስቃለች።

ልጅቷ ታሊያ ብሪግስ ትባላለች። የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ነው ከእናቷና ከሁለት ታናናሾቿ ጋር ወደ ከተማው የመጣችው። ከአውራ ጎዳናው ማዶ ያሉት አፓርታማዎች ውስጥ ይኖራሉ። እናቷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አስታማሚ ናት። ታሊያ ስትሮጥ አገጯን ወደ ደረቷ ቀብራ፣ አንድ የተናደደችበት ሰው ከፊቷ የሚሄድ ይመስል ትከተላለች።

ያን ቀን ኖሪን ከመቀመጫ ደረጃው ጫፍ ላይ፣ ሰው ከሌለበት ተቀመጠች። ሽጉጡ ተተኮሰ። የመጀመሪያው ዙር አልቆ ደወሉ ሲመታ ታሊያ ብቻዋን ነበረች። ሕዝቡ ተነስቶ የኖሪንን የሪከርድ ሰዓት እየጠራ መጮህ ጀመረ። ኖሪን አልተነሳችም። ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ «ይድከምሽ፣ ይድከምሽ፣ ይድከምሽ» ስትል ራሷን ሰማች።

ልጅቷ ሪከርዱን በትንሹ ሳታገኘው ቀረች። ሕዝቡ «ኧረ!» ብሎ ተነፈሰ። ኖሪንም ተነፈሰች፤ ወዲያው ግን ፊቷ በእፍረት ጋለ። ቤቷ ገብታ ሾርባ አሞቀች፤ አንድ ማንኪያ ቀምሳ ተወችው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እንዲደክማት የምትለምን ሴት ምን ዓይነት ሴት ናት? ይህን የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። ቴሌቪዥኑን ከፈተችና ድምፁን ጨመረች።

በሳምንቱ ታሊያ ዘግይታ መጣችና ቢሮው ደፍ ላይ ቆመች፤ ፀጉሯ ገና አልደረቀም።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለቻት ኖሪን የመግቢያ ወረቀቱን እየጻፈች።

«ታናሽ ወንድሜ ጫማውን ደበቀ። አንደኛውን እግር ብቻ። አንደኛውን አድርጎ አልሄድም አለ።»

«የት ተገኘ?»

«ማቀዝቀዣ ውስጥ።»

ኖሪን ሳታስበው ሳቀች። ልጅቷ ወረቀቱን ተቀብላ ሳትሄድ ቀረች።

«ሚስ ሃሉስካ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ያኔ ሲሮጡ የመጨረሻውን ግማሽ ዙር እንዴት ነበር የሚሄዱት? እኔ እዚያ ላይ ስደርስ እግሬ የሰው እግር ይሆንብኛል። አሰልጣኝ ዴምኮ ‹ጥርስሽን ንከሽ› ነው የሚለኝ። ጥርሴን ነክሼ ነክሼ መንጋጋዬ አለቀ።»

«አላስታውስም» አለች ኖሪን። «ስንት ዓመቱ ነው! ሂጂ አሁን፣ ክፍል ጀምሯል።»

ልጅቷ «እሺ» ብላ ሄደች። ኖሪን ግን አንድም የረሳችው ነገር አልነበረም። የዚያን ቀን ነፋስ ከየት ይመጣ እንደነበር፣ ከጀርባዋ የምትከተላት ልጅ እንዴት ትተነፍስ እንደነበር፣ አፏ ውስጥ የነበረው የብረት ጣዕም፣ ክሩን በደረቷ ስትበጥስ አባቷ ከአጥሩ ማዶ ኮፍያውን ወደ ላይ ሲወረውር፣ ሁሉም አለ። በሕይወቷ ውስጥ እንዲህ ጥርት ብሎ የተቀመጠ ሌላ ቀን የላትም። ለሰው ማካፈሉ እንደ መነጠቅ ሆኖ ነው የታያት።

ያ «አላስታውስም» ግን ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቆመ። ዋለ፣ አደረ፣ አልወርድ አለ። በመጨረሻ አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ወደ መኪናዋ መሄዱን ትታ ወደ ሜዳው ወረደች። ታሊያ ጫማዋን እያሰረች ነበር።

«ከኩርባው በፊት ነው» አለቻት ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ።

«ምኑ?»

«ፈጥነሽ የምትሄጂው። ሁሉም ሰው የመጨረሻውን ቀጥታ ይጠብቃል፤ እዚያ ሲደርስ ደግሞ ባዶ ነው። የኛ ሜዳ ነፋሱ ከባቡር ሐዲዱ በኩል ነው የሚመጣው። ማዶ ባለው ቀጥታ ላይ ጀርባሽን ይገፋሻል። ያኔ ‹ትንሽ ልረፍ› ያሰኝሻል። እንዳታርፊ። ያኔ ነው የምትሄጂው። ኩርባው ውስጥ ስትገቢ ሌሎቹ ገና እያሰቡ ነው፣ አንቺ ሄደሻል።»

ታሊያ ቀና ብላ አየቻት። «አላስታውስም ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ዋሽቼሽ ነው» አለች ኖሪን።

ልጅቷ ፈገግ አለች። ሮጣ ሞከረችው፣ አልሆነም፤ ደገመችው፣ አሁንም ቸኮለች። ሦስተኛው ላይ ኩርባውን እንደ ወፍ ታጥፋ ስትወጣ ዴምኮ የያዘውን ሰዓት አየና ፉጨት አሰማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኖሪን ከሥራ ስትወጣ ወደ ሜዳው መውረድ ለመደች። ብዙ አትናገርም። አጥሩን ተደግፋ ቆማ «ትከሻሽን ልቀቂ» ትላለች፣ «አሁን!» ትላለች፣ በቃ። በሆዷ ግን አንድ ነገር መላላት ጀመረ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባትም ነበር። አንድ ቅዳሜ የእናቷን ቁም ሣጥን ስትጠርግ ነው ድንገት የገባት፦ ስሟ እንዲወርድ ፈልጋለች። ልጅቷ እንድትበልጣት፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ልጅቷ ዞሮ እሷን እንዲረሳት፣ ዳቦ ቤት ስትገባ «የስምንት መቶዋ ኖሪን!» መባሉ እንዲቀር። ያኔ የምትቀረዋ ኖሪን ማን ናት? አላወቀችም። ማየት ግን ፈለገች።

የመጨረሻው የሜዳ ውድድር ግንቦት መጨረሻ ላይ ነበር። የተማሪዎቹ ወላጆች ሥነ ሥርዓት አሰቡ፦ ታሊያ ሪከርዱን ከሰበረች ሁሉም ወደ ጂምናዚየሙ ይሄዳል፣ ኖሪን በእጇ የራሷን ስም አውርዳ የልጅቷን ትሰቅላለች። ኖሪን ፀጉሯን ተሠራች። የምትናገረውን ሁለት ዓረፍተ ነገር መኪናዋ ውስጥ እየደጋገመች አጠናች። ወደ ሜዳው ስትሄድ ከሱቅ ቢጫ አበባ ገዛች።

ሕዝቡ እንደዚያን ቀን ሞልቶ አያውቅም። ቋሊማ የሚጠብሱት አባቶች እንኳ ምጣዳቸውን ትተው ወደ አጥሩ ተጠግተዋል። ድምፅ ማጉያው የሴቶች ስምንት መቶ ብሎ ጠራ፤ ልጆቹ መስመሩ ላይ ቆሙ። ታሊያ አልነበረችም።

ኖሪን አበባውን እንደያዘች ወደ ታች ወረደች። ዴምኮ ፊቱ ደም መስሎ መጣ።

«አልሮጥም አለችኝ» አላት።

«አመማት?»

«ምን ያማታል! ጤነኛ ናት! ‹የዱላ ቅብብሉን ከጓደኞቼ ጋር እሮጣለሁ፣ ስምንት መቶውን ግን አልሮጥም› አለችኝ። ለምን ስላት ‹እንዲሁ› አለችኝ። እንዲሁ! አራት ዓመት አሰልጥኜ፣ እንዲሁ!»

ሽጉጡ ተተኮሰና ውድድሩ ያለ እሷ ሄደ። ማንም አላየውም፤ ሰዉ ሁሉ እርስ በርሱ ይጠያየቃል። ከዚያም ወደ ኖሪን ይመጡ ጀመር። ስታን ቭራቤል እጇን ጨበጠ፦ «አላልኩሽም? ወንበሩ ያንቺ ነው! ሌላ ሠላሳ ዓመት ትቀመጪበታለሽ!» አንዲት እናት አቀፈቻት፦ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ኖሪን። እውነቱን ልንገርሽ? ደስ ብሎኛል። ከተማው ያላንቺ ስም ምን ሊመስል ነው?» ኖሪን ለሁሉም «አመሰግናለሁ» አለች። ሳቀችላቸውም። እጇ ላይ ያለው አበባ ለማን እንደሆነ የጠየቃት አልነበረም።

በዱላ ቅብብሉ ታሊያ የመጨረሻዋ ተቀባይ ሆና ሮጠች። ሦስተኛ ወጡ። አራቱ ልጆች ሣሩ ላይ እየተነባበሩ ወደቁና፣ አንዷ ዱላውን ለመቀበል ስትሽቀዳደም የራሷን ጫማ ረግጣ ስለነበር፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ኖሪን ከላይ ሆና አየቻቸው። እሷ በዚህ ሜዳ ላይ እንደዚያ ስቃ ታውቅ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች። ሲያጨበጭቡላት ታስታውሳለች። ሳቅ አላገኘችም።

ወደ ማታ ዝናብ ጀመረ። ኖሪን ከመኪና ማቆሚያው ስትወጣ ታሊያን በሩ ጋ አየቻት፤ ቦርሳዋን ራሷ ላይ አድርጋ ቆማለች። ዴምኮ ለረጅም ጊዜ ሲቆጣት ቆይቶ ጓደኞቿ ጠብቀው ጠብቀው ሄደዋል።

ኖሪን መስኮቱን ዝቅ አደረገች። «ግቢ።»

«አይ፣ እናቴ ስትወጣ...»

«ግቢ ነው የምልሽ። ልትታመሚ ነው?»

ልጅቷ ገባች። ውኃው ከፀጉሯ ወንበሩ ላይ ይንጠባጠባል።

«ተቆጥተዋል?» አለች ታሊያ።

«እኔ? ለምን እቆጣለሁ? ሪከርዱ የኔ ነው፣ ቀረልኝ።» ድምፅዋ እንዳሰበችው አልወጣም።

«እኔ እርስዎን ላስቀይም ብዬ አይደለም። ያሳዩኝ ነገር እኮ...» ልጅቷ የቦርሳዋን ማሰሪያ ጣቷ ላይ ጠመጠመች። «እውነቱን ልናገር?»

«ተናገሪ።»

«እዚያ ሰሌዳ ላይ መቅረት አልፈልግም። በነሐሴ ፒትስበርግ እሄዳለሁ፤ የቅየሳ ትምህርት ነው፣ ሩጫ የለውም። ሪከርዱን ብሰብር ግን አይለቁኝም። ለገና ስመጣ ሱቅ ውስጥ ‹የስምንት መቶዋ› ይሉኛል። ልጅ ወልጄ ስመጣም ያንኑ ይሉኛል። እርስዎን እያየሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ማንም ‹ሚስ ሃሉስካ፣ እንዴት አደሩ› ብሎ ሲጠይቅዎት ሰምቼ አላውቅም። ስለዚያች ቀን ነው የሚያወሩት። እኔ... ይቅርታ። እንደዚህ ማለት አልነበረብኝም።»

ዝናቡ የመኪናውን ጣሪያ ይደበድባል። ኖሪን አፓርታማዎቹ ፊት ለፊት ደርሳ መኪናውን አቆመች፤ ሞተሩን ግን አላጠፋችም። የመጀመሪያ ስሜቷ «ውረጂ» ማለት ነበር። ትክክል የሆነ ነገር ሲመታ እንዴት እንደሚያም ልጅቷ የምታውቅበት ዕድሜ ላይ አልደረሰችም።

«እኔ ደግሞ መውረድ ፈልጌ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ከየት?»

«ከሰሌዳው። አንቺ ታወርጂኛለሽ ብዬ ነበር። ፀጉሬን የተሠራሁት ለምን ይመስልሻል?»

ታሊያ ዞራ አየቻት። አፏ ተከፍቶ ቀረ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ‹እባክሽ የኔ ልጅ አሸንፊኝ› ልበልሽ?»

«አዎ! እንደዚያ ብትይኝ እኮ እሮጥልሽ ነበር! እኔ እኮ የሚከፋሽ መስሎኝ...» ልጅቷ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። «ወይ ጉድ። ምን ዓይነት ነገር ነው!»

አንደኛው ፎቅ ላይ መጋረጃ ተገለጠና የትንሽ ልጅ ራስ ብቅ ብሎ ጠፋ። ታሊያ መውረድ ነበረባት፤ አልወረደችም።

«ከዚያ በኋላ ምን ሆንሽ?» አለች። «ከሩጫው በኋላ ማለቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ወስዶሽ ነበር አይደል? ሰው ሲያወራ እዚያ ላይ ነው የሚያቆመው።»

ኖሪን መሪውን ይዛ ወደ ውጭ ተመለከተች። ይህን ጥያቄ የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው ይቺ ልጅ ነበረች። ባሏ እንኳ አልጠየቃትም፤ የሚያውቅ መስሎት ነበር።

«ኢንዲያና ሄድኩ» አለች ቀስ ብላ። «ማንንም አላውቅም ነበር። ከኔ ጋር አንድ ክፍል የተመደበችው ልጅ ሁለት ቀን አድራ ከጓደኛዋ ጋር ተዛወረች፤ ከዚያ በኋላ ክፍሉ የኔ ብቻ ሆነ። በጥቅምት ልምምድ ላይ የተረከዜ ጅማት ተበጠሰ። ድምፁ ተሰማኝ፤ እንደ እንጨት ነው የሚሰበረው። ሆስፒታል አስገብተው ሰፉኝ። አሰልጣኙ አንድ ቀን አበባ ይዞ መጣ፤ ሁለተኛ አልመጣም። ኅዳር ላይ በክራንች አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ቤት መጣሁ። ማቆሚያው ላይ የከተማው የእጅ መሣሪያ ሱቅ ባለቤት አገኘኝ። ሻንጣዬን ተሸከመልኝ። እስከ ቤቴ ድረስ ምን እንዳወራኝ ታውቂያለሽ? ስለ ግንቦቱ ሩጫ። ክራንቹን ከፊቱ እያንኳኳሁ! አንድም ጊዜ ‹ምን ሆንሽ› አላለኝም።»

«እናትሽስ?»

«እናቴ ገበታ አቀረበች። ‹ብዪ› አለችኝ። በልተን ተኛን። በማግሥቱ ሰሌዳው ላይ ስሜ ወጥቶ እንደሆነ አይቼ እንድመጣ ነገረችኝ። ወጥቶ ነበር። እዚያ ፊት ቆሜ ሳለ ዳይሬክተሩ መጡና ‹ቢሮ ውስጥ ለጊዜው የሚረዳን ሰው እንፈልጋለን› አሉኝ።»

«ለጊዜው» አለች ታሊያ።

«ለጊዜው።»

ልጅቷ ልትስቅ ብላ ተወችው። ከዚያ ግን ኖሪን ራሷ ቀድማ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ። ታሊያ በእርጥብ እጅጌዋ ጉንጯን ልትጠርግላት እጇን ዘረጋች፤ አፍራ መለሰችው።

«ሰኞ ቢሮሽ እመጣለሁ» አለች በሩን እየከፈተች። «ሳልዘገይ ነው የምመጣው። እንዲሁ ለማውራት።»

«ይኼን ለእናትሽ ስጪልኝ» አለችና ኖሪን ቢጫውን አበባ አሸከመቻት።

ሰኞ አልመጣችም። ማክሰኞ በመተላለፊያው ከጓደኞቿ ጋር ስታልፍ በመስታወቱ በኩል እጇን አውለበለበች፤ ጣቷን ወደ ሰዓቷ ጠቁማ «በኋላ» አለች። በኋላም አልሆነላትም። የምረቃው ሰሞን ነበር፤ ልጆቹ እንደ ንብ ይተራመሳሉ። ኖሪን አልተቀየመቻትም። ግን ለተከታታይ ቀናት ምሳዋን ቢሮዋ ውስጥ በላች፣ በሩን ገርበብ አድርጋ።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል ዴምኮ በደስታ ተጣድፎ ወደ ቢሮዋ መጣ።

«ስሚ፣ ለመጪው ዓመት አንዲት ስምንተኛ ክፍል ያለች ልጅ አይቻለሁ። እግሯ የሚዳቋ ነው! አንቺ ትረጃታለሽ...»

«ጋሪ፣ ስሜን አውርደው።»

«ምን?»

«ከሰሌዳው። አውርደው። ቦታው ባዶ ይሁን፣ ወይ የሁለተኛዋን ስም ጻፍ።»

ዴምኮ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁ ቆመ።

«አይሆንም እኮ፣ ኖሪን። ሪከርድ እኮ ነው። ያንቺ አይደለም፣ የትምህርት ቤቱ ነው።» ከልቡ ነበር የተናገረው፤ ክፋት አልነበረበትም። «አንቺን ብናወርድ ሰዉ ምን ይለናል?»

«ልክ ነህ» አለች ኖሪን። «የትምህርት ቤቱ ነው። እሱ ይቅር፣ እኔ ልሂድ።»

በዚያው ሳምንት የዝውውር ጥያቄዋን አስገባች። በከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ከአውራ ጎዳናው ማዶ፣ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቢሮ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። ሰዎቹ ሊያስቀሯት ሞከሩ፤ ኬክ ቆረሱላት። ኬኩ ላይ የሩጫ ጫማ በክሬም ተሥሎ ነበር። በላችው።

በመስከረም አዲሱ ቦታዋ ገባች። ቢሮው ትንሽ ነው፤ መስኮቱ የሚያየው ዥዋዥዌውን ነው። መምህራኑ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ በትሕትና ሰላም ብለዋት ያልፋሉ። ምሳ ሰዓት ላይ እርስ በርሳቸው ሲያወሩ እሷ ጥግ ላይ ሳንድዊቿን ትበላለች። ብቸኝነቱ አልቀረም። ከቀድሞው የሚለየው አጨብጫቢ የሌለው መሆኑ ነው፤ ማታ ቤቷ ገብታ እግሯን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ስትከት ስለዚህ ታስባለች፤ የትኛው እንደሚሻል ገና አልወሰነችም። ታሊያ ከፒትስበርግ አንድ ፎቶ ላከችላት፤ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ፣ በሦስት እግር ከቆመ መሣሪያ ጀርባ፣ ጭቃ ውስጥ ቆማለች። ከሥሩ የጻፈችው «እንዴት አደርሽ?» ብቻ ነው። ኖሪን መልሱን ስትጽፍና ስታጠፋ ምሽቱ አለፈ። በመጨረሻ «ዛሬ ደህና ነኝ፣ ትናንት ግን አልነበርኩም» ብላ ላከችው።

አንድ ጠዋት አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቢሮው ውስጥ ገባች። ቁመቷ ከጠረጴዛው ጠርዝ እምብዛም አያልፍም።

«ሆዴን አመመኝ» አለች።

«ነይ እዚህ ተቀመጪ። ቁርስ በልተሻል?»

«ሁለት ዶናት። የወንድሜንም።» ልጅቷ ወንበሩ ላይ ተንጠላጥላ ወጣችና አተኩራ አየቻት። «ስምሽ ማነው?»

ኖሪን ስልኩን ለማንሳት የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ኖሪን» አለች።

«እንዴት ነው የሚጻፈው?»

ኖሪን አንድ በአንድ፣ ፊደል በፊደል ነገረቻት። ልጅቷ ሆዷን እንደያዘች በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ተከትላ ጻፈች፣ ሁለተኛው ላይ ተሳሳተች፣ አጥፍታ እንደገና ጀመረች።

«በርቺ» አለቻት ኖሪን፤ ስልኩን አነሳችና ለልጅቷ እናት ደወለች።